አክስትህ ላይ ስለዘጋሁት በር

ልጄ፣ ዓይኔ፣ እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለህ? ሚስትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ለማለት ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

የአባትህ እህት ደውላ «እህትህ በሞተችበት ቀን እናትህ በር ዘጋችብኝ» ብላሃለች። አንተም «እማዬ፣ ይቅርታ ጠይቂያትና ይብቃ» ብለህ ጻፍክልኝ። እንግዲያው የሆነውን ከእኔ ስማ።

ሐኪሞቹ የእህትህ የጡት ካንሰር ተሰራጭቷል፣ ከእንግዲህ የምንችለው ስቃይዋን ማስታገስ ነው ካሉን በኋላ፣ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያስታምም ቡድን ይመጣልን ጀመር፤ ሐኪም፣ ነርስና አማካሪ። ሐኪሙ ማስታገሻውን ከመጨመሩ በፊት ነርሷን ይጠይቃል፣ ነርሷ እኔን ትጠይቃለች። አማካሪዋ ደግሞ «እማማ፣ እርስዎስ እህል ቀምሰዋል?» ትለኛለች። እኔንም ከራሳቸው ቆጠሩኝ።

የጡቷ ቁስል ይሸት ነበር፤ ምን እደብቅሃለሁ። አክስትህ አንድ ቀን ብቅ አለች። ከበሩ ደፍ ሳታልፍ አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ «ኧረ መስኮት ክፈቱ! ሰው ሳይሞት እንዲህ ይሸታል?» አለች። ልጄ ሰማች። ከዚያ ወዲያ ስጠጋት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔን፣ እናቷን! «እማዬ ራቅ በይ፣ እሸታለሁ» ትለኛለች።

ይህን ለነርሷ ነገርኳት፤ እሷም ከሐኪሙ ጋር መከረች። ሽታ የሚያጠፋ ክኒን ፈጭታ ቁስሉ ላይ እየነሰነሰች ታሽገው ጀመር። ሽታው ሲጠፋ አፍንጫዋን አስጠግታ «በይ እሜቴ፣ አሁን ሳሙና ሳሙና ነው የምትሸቺው፤ ባል ልፈልግልሽ?» አለቻት። እህትህ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሳቅፋት እሺ አለችኝ። እቅፌ ውስጥ እንዳለች አረፈች።

አክስትህ ያን ቀን ጩኸቷን ከመንገድ ጀምራ፣ ደረቷን እየደቃች መጣች። ልሳማት፣ እኔው ልጠባት፣ ሥጋዬ ናት ትላለች። በሕይወት ሳለች የተጠየፈቻትን! ያን ሁሉ ቁስል ስጠርግ ያላቅለሸለሸኝ ሴት፣ የእሷን እንባ ሳይ አቅለሸለሸኝ። በሩን ዘጋሁት። ከነርሷ ጋር ሆነን አጠብናት። አሁን «ልጇን በባዕድ አሳጠበች» እያለች በየቤቱ ታወራለች። አዎ፣ አሳጥቤያታለሁ። ልጄ ከባዕዷ ፊቷን አዙራ አታውቅም።

ይቅርታ አልጠይቅም። አንተ ልታረቃት ካሻህ የአባትህ እህት ናት፣ አልከለክልህም። በእኔ ስም ግን አንዲት ቃል እንዳታወጣ።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ ስለላከችው የማጽናኛ ቃል እግዜር ይስጣት። ትልቁን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ለአክስትህ ከእኔ ሰላምታ የለም።

እናትህ
ከቤታችን፣ ማክሰኞ፣ ሰኔ 6