ማን ሞተ?

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1961 ዓ.ም.

ልጄ ይርሳው፣ የምትረግጠውን የሰው አገር አምላክ ያለስልስልህ። እኔ አለሁ። የምትጽፍልኝ እህትህ ዓለምብርሃን ናት።

ለትምህርቴ የየዘመኑን ዘፈን ንገሪኝ ብለህ ነበር። ጣሊያን ሳይመጣ፣ እኔ ስዳር፣ ያለ ማሲንቆ ሠርግ አልነበረም። በአርበኝነቱ ጊዜ ማሲንቆው ተሰቀለና አባትህ በየዱሩ ሲያቅራሩ ከረሙ። ጣሊያን ሲወጣ እኛ ሴቶች ከበሮ ይዘን ሳምንት ሙሉ ዘፈንን።

አሁን ደግሞ ሬዲዮ ነው። ሙሄዲን ሱቅ ሬዲዮ የገባ ቀን ባለጡሩምባው ዘፈን ሲጀምር አባትህ ብድግ ብለው «ማን ሞተ?» አሉ። ለእኛ ጡሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነዋ። ሱቅ የሞላው ሰው ሳቀባቸው፤ እኔም ስቄአለሁ። እያደር ግን ጆሯችን ለመደው።

መስከረም መጨረሻ አባትህ ቡሬ ገበያ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ጥጥ ስፈትል ጡሩምባ ሰማሁ። የሙሄዲን ሬዲዮ መስሎኝ እንዝርቴን እንኳ አላስቀመጥሁም። የገባኝ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲመጡ ነው። አባትህ መንገድ ላይ በተነሣ ተኩስ ወድቀው፣ በቃሬዛ አምጥተዋቸው ኖሯል።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አላጣሁትም። ወጉማ ዘመድ ከቦህ፣ ሽማግሌ አስቀምጦህ ነበር የምትሰማው።

አምላክ ያጽናህ፤ የእሳቸውን ዕድሜ ለአንተ ይስጥልኝ። እባክህ ልጄ፣ ያገርህን ሰው ፈልግና አብራችሁ አልቅሱ። እዚያ ጡሩምባ የሚነፋልህ ባይኖር፣ እኔ እናትህ ነፋሁልህ።