በገዛ እጄ ያጸደቅኩት መስመር

ይድረስ ከእናታችን ቀጥሎ ለምፈራሽና ለምወድሽ ለእትዬ። እንዴት ሰነበትሽ? ያ እንቅልፍ የሚነሳሽ ወገብሽ እንዴት አደረገሽ? ልጅሽንስ ሳሉ ለቀቃት? አማትሽ ዛሬም በረንዳው ላይ ተቀምጠው መንገደኛውን ሁሉ ይራገማሉ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትሳቂብኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ከልጅነቴ ጀምሮ «ችኩሌ» ያልሽኝ በከንቱ አልነበረም። የምሠራበትን ፕሮግራም ታውቂዋለሽ፤ ከጉድጓድ የወጣ አጥንትንና የዘመድ ምራቅን ዘረመል አስተያይቶ ዝምድናን ይናገራል። ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ይወስደዋል፣ እርማት ይልካል። እርማቱን መርምሬ የማጸድቀው ግን እኔ ነኝ። በጥር አንድ የማላውቀው ሰው ፕሮግራሙን ያፈጥናል ያለውን እርማት ላከልኝ፤ ትሕትናውስ ለጉድ ነው። አርባ መስመር ነበር፤ ሠላሳውን አንብቤ አጸደቅኩት። ካላነበብኩት ውስጥ አንዱ መርዝ ኖሯል። የቆየ አጥንት ዘረመሉ የተበጣጠሰ ስለሆነ የጎደለው ቦታ እየተዘለለ የቀረው ብቻ ነው የሚነጻጸረው። ያ መስመር ግን የጎደለውን ሁሉ «አይመሳሰልም» ብሎ እንዲቆጥር አደረገው። በየካቲት የልጅሽ ምራቅ ከጉድጓዱ የወጣው አጥንት ካለባቸው ስድሳ ሦስት ሣጥኖች ከአንዱም ጋር አልገጠመም ብዬ የጻፍኩልሽ በዚህ የተነሳ ነው። አንቺም ባልሽ ከብየዳ ቤቱ በተወሰደ በስድስት ዓመቱ፣ በሕይወት አለ ብለሽ ጫማውን አስጠገንሽ።

ጉዱን ያወጡት ሌላ አገር ያሉ፣ በአካል አይቻቸው የማላውቅ ጡረተኛ ሴት ናቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስህተቴን ሲለቅሙ የኖሩ። ዝምድናቸው በሚታወቅ የአንድ አባት የቆየ አጥንትና የልጁ ናሙና ቢሞክሩት አልገጥም አላቸው። «ልጄ፣ ፕሮግራምህ አባትን ከልጁ ነጥሏል» ብለው ጻፉልኝ። መዝገቡን ስከፍት ከመስመሩ ሥር የተቀመጠው የእኔው ማጽደቂያ ነው። ደሜ ፈላ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? መስመሩን ነቅዬ ጣልኩና ምን እንደተሠራ ለሁሉም በግልጽ ጻፍኩ።

ያን ሁሉ ሰው አስገድለው መቅበሪያ ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ሰዎች ዛሬም ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚሄዱት፤ አጥንቱ ስም ካገኘ ግን ፍርድ ቤት ይጠብቃቸዋል። በጻፍኩ በሦስተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ ሦስት ሰው ፌሮ አስይዘው ቢሯችን ድረስ ላኩብን። የዘበኛውን ግንባር ተረተሩት። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አደቀቁ። እኔን በደረቴ ደፍተው ቀኝ እጄን ረገጡና ያንን መስመር ወደ ቦታው መልስ አሉኝ። ሳቄ መጣ እትዬ፤ ምን ላድርግ?

«ኮዱ በሺህ ሰው እጅ ነው፤ ስንቱን ልትደበድቡ ነው?» አልኳቸው።

ጣቶቼ በፌሮው ሲሰበሩ ድምፁን ሰማሁት። እኔም የአንዱን ባት አፌ በደም እስኪሞላ ነከስኩት፤ አልጸጸትም። ደሙ ሸሚዜ ላይ ስለቀረ እሱን ለመለየት ማንም አልተቸገረም፤ አሁን ታስሯል። ሁለቱ አልተያዙም።

የናሙናዎቹ መረጃ ቅጂ ኃላፊያችን ዘንድ ነበር። ትናንት ጠዋት እዚሁ ሆስፒታል አልጋዬ ላይ፣ በተዋስኩት ኮምፒውተር እንደገና አስኬድኩት። ሣጥን አርባ አንድ ከልጅሽ ጋር ልክ እንደ አባትና ልጅ ገጠመ። ስላላመንኩት ኃላፊያችን አጥንቱን እንድታይልኝ ለመንኳት። ግራ ክንዱ ላይ የዳነ ስብራት አለ፤ የቤታችሁን ቆርቆሮ ሲመታ ከጣራ ወድቆ የተሰበረው። አትደብቀኝ ስላልሽኝ አልደብቅሽም፤ እጆቹ የፊጥኝ በሽቦ ታስረዋል፣ የተመታውም ከማጅራቱ ነው።

እትዬ፣ ባዶ ተስፋ የሰጠሁሽ እኔ፣ የነጠቅኩሽም እኔ። ስድብሽን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ዝምታሽን ግን አልችለውም። ልትቀብሪው ስትመጪ ጫማውን ይዘሽ ነይ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ እጄ ከጠየቀችሽ በር ቀርቅሮት ነው በያት። ዘወትር በጆንያ ድንች የምትልክልኝን ጎረቤታችንን አመስግኚልኝ። አማትሽ በየካቲት «ልጄ ሞቷል፣ አትዋሹኝ» ሲሉ በደብዳቤ የተቆጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ልክ እሳቸው ነበሩና ይቅርታዬን አድርሺልኝ። ልጅሽን ደግሞ አቅፈሽ ሳሚልኝ። ምራቋ በተወሰደበት ቀን ጥጡ አፏ ውስጥ ሲገባ አቅለሽልሿት አልቅሳ ነበር ብለሽኝ ነበር፤ አባትሽን ያገኘሽው አንቺ ነሽ በያት።

ታናሽ ወንድምሽ ችኩሌ
ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ
ግንቦት 19 ቀን