ቴቬሬ ወንዝ ዳር ያለው ርስት ሊሸጥ ነው

ውድ ሀብቴ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። እስካሁን አንድ መስመር ያልጻፍኩልህ ረስቼህ እንዳይመስልህ። ደግ ወሬ እስኪገኝ ስጠብቅ ቆይቼ ነው፤ ደግ ወሬ ደግሞ በዚህ በኩል ማለፍ ከተወ ሰነበተ። እንግዲህ ያለውን ልንገርህ። ርስቱ ሊሸጥ ነው።

የርስቱ ባለቤት ሲኞራ ካንተ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ልጃቸው ፓውላ የእናቷ ሐዘን ሳይወጣ ደላላ ይዛ መጣች። አሁን መግቢያው ላይ ቬንዴሲ፣ ይሸጣል፣ የሚል ትልቅ ቀይ ሰሌዳ ቆሟል፤ ከሥሩም በወንዝ ዳር የሚገኝ፣ ለከብት እርባታና ለመዝናኛ የሚመች፣ ለሮማ ቅርብ ይላል። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አነበዋለሁ። ውሸት የለበትም፤ ዝም ያለው ነገር ግን አለ።

የታችኛው በረት ተቀብቷል። ውሃው ግድግዳው ላይ ትቶት የሄደው ቡናማ መስመር በአንድ ቀን ነጭ ሆነ። ቀቢው ሲጨርስ ደላላው ራቅ ብሎ አየና ቤኒሲሞ፣ እጅግ ጥሩ አለ። እኔ ድርቆሽ ተሸክሜ በአጠገቡ አለፍኩ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ፈርቼ ነው።

የምፈራውን መቼም ታውቀዋለህ። ከቪያ ኩርታቶኔው የስደተኞች ሕንፃ ፖሊሶች ያስወጡን ጊዜ ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን መንገደኛው ሁሉ ሲያየን፣ አሁን ደግሞ ሮማን በደንብ እናያታለን ብለህ አሳቅኸኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ያልነው ይህንን ነው፤ የጠባቂ ቤት፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ የኛ። ፓውላ ገዢዎቹ በጠባቂነት እንዲያስቀሩኝ እነግራቸዋለሁ አለችኝ። ካልሆነ ለቅቆ መውጣት ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬም፣ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል፤ አድራሻ የሌለው ሰው ወረፋ ይዞ ምን ይላል? ፓውላ በምትኩ የጠየቀችኝ ደግሞ ትንሽ ነገር ነው። ስለ ወንዙ ከጠየቁኝ ጸጥ ያለ ነው እንድል። ስላንተ ከጠየቁኝ ልቡን ታሞ ነው የሞተው እንድል።

ልቡን። ሐኪሙም የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ልቡ ቆመ ይላል። የማን ልብ ሳይቆም ነው የሚሞተው?

ክፋቱ፣ ቃሉን ለፓውላ ያቀበልናት እኛው ነን። ደብረ ብርሃን ያሉት ዘመዶችህ እናትህን ሊያረዱ በማለዳ ሲሰበሰቡ ምን ብለን እንንገራቸው ብለው ደወሉልኝ። ለእናት ውሃ ወሰደው ተብሎ ይነገራል? እማማ የሻሽ ከዚያ በኋላ ውሃ በቀዱ ቁጥር አንተን ሊያዩ ነው። ስለዚህ ጥቂት ታሞ ነው፣ ልቡን ነው ተባለ። እኔም እሺ አልኩ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ተቀባበለው፤ ፓውላም እዚሁ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰማች። የአንዲትን እናት መርዶ ለማቅለል ያልነው ቃል መሬት መሸጫ ሆኖ ቁጭ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ገዢዎቹ መጡ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ከወደ ሰሜን ጣሊያን። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ በቀለለኝ ነበር። ሴትየዋ ጭቃውን ሳትጠየፍ ላሞቹ መሐል ገባችና ስማቸውን ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ታላቋ ዳልቻ፣ ታናሿ ዳልቻ፣ አኩራፊዋ ዳልቻ። ስም ስታወጣላቸው ስስቅብህ፣ ሁሉም ዳልቻ ከሆኑ ምን ላድርግ ትለኝ ነበር። ሴትየዋም ሳቀች። ባልየው ፈረሶቹን ሲያይ እሑድ እሑድ ከከተማ የሚመጡት ጋላቢዎች ትዝ አሉኝ፤ በነፃ በእግሩ መሄድ የሚችል ሰው ከፍሎ ወገቡን ያሳምማል እያልክ ኮርቻ ስታጠብቅላቸው። ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሀብቴ፤ እነዚህ ሰዎች ይግዙት፣ እኔም እቀራለሁ ብዬ።

ከዚያ ወደ ታችኛው መስክ ወረድን። ባልየው እጁን ዘርግቶ አሳየን። እዚህ ድንኳን እንተክላለን፣ የትምህርት ቤት ልጆች ከነአስተማሪዎቻቸው መጥተው ያድራሉ፣ ጀልባዎቹ እዚያ ይታሰራሉ አለ። በጸደይ ብቻ ሳይሆን በመከርም ጭምር። ሚስቱ ወንዙ ይሞላል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ደላላው ቀደመኝና ዳርቻውን አልፎ አያውቅም አለ። ፓውላ ትክ ብላ አየችኝ። ሣሩ ላይ አቀርቅሬ ቀረሁ፤ ድንኳን ይተከላል ያሉበት ቦታ አንተን ካገኙበት ከአጥሩ ጥግ እምብዛም አይርቅም።

ወጥ ቤት ገብተን ዳቦና አይብ አቀረብኩ። እንግዳ ነው ብዬ ብሉ እንጂ፣ ጨምሩ እንጂ እያልኩ ደጋግሜ ቆረስኩላቸው። ሴትየዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን አየች፣ የለበስኩትን ጥቁር አየች፣ በምን እንደሞትክ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት ፓውላ መለሰችላት፤ ምስኪን፣ ልቡን ታሞ ነው። ሴትየዋ ተነሥታ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ያንን እጅ ነው ያልቻልኩት። ባልሞትከው ሞት አጽናናችኝ።

«ልቡ አይደለም» አልኳት። «ወንዙ ነው የገደለው። ድንኳን በምትተክሉበት መስክ ላይ ውሃው እዚህ ድረስ ነበር።» እጄን አንገቴ ላይ አደረግሁ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመኛል። ጣሊያንኛዬ እየተሰባበረ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝናቡ ቀናት ሙሉ እንደወረደ፣ ጎህ ሲቀድ የላሞቹ ጩኸት እንደቀሰቀሰን፣ አንተ ጫማህን እንኳ በወጉ ሳታስር እንደወረድክ። ከላይ ሆኜ ስጮህ እጅህን አንሥተህ መጣሁ እንዳልከኝ። እየፈታህ የለቀቅሃቸው ላሞች አንድ በአንድ ዳገቱን ሲወጡ እኔ ከኋላቸው አንተን ስጠብቅ እንደነበር። ደላላው ሰዓቱን አየ። ፓውላ በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ አላስቀመጠችም፣ አልጠጣችም። ባልየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ይህ የሆነው በየትኛው ወቅት ነው አለ። በመከር አልኩት። ሚስቱ እያለቀሰች ወደ መኪናው ሄደች።

ፓውላ ማታውኑ ደወለች። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። እናቴ እንደ ልጇ ነበር የምታይሽ አለችና ወሩ ሳያልቅ ቤቱን እንድለቅ ነገረችኝ። ሰሌዳው አሁንም እንደቆመ ነው። ላሞቹን አንድ ነጋዴ ሊወስዳቸው ነው፣ ወዴት እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። የአክስቴ ልጅ ሮማ ውስጥ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ካለችው ጠባብ ቤቷ አንድ አልጋ አለኝ ብላኛለች። አድራሻዋን ለፔርሜሶዬ ትስጠኝ አትስጠኝ ገና አላወቅሁም፤ አከራይዋ አስቸጋሪ ነው አሉ። እፈራለሁ ሀብቴ። ደግ ሠርተሻል የሚለኝ ሰው አጠገቤ የለም፤ አንተም ብትኖር መጀመሪያ ትቆጣኝ ነበር፣ ኋላ ነው የምትስቀው።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ባዳ እውነቱን አውቆ እናት እንዴት ሳታውቅ ትቀራለች? ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እማማ የሻሽ ጋ ደወልኩ። ወተት ለደንበኞቻቸው አድለው ተቀምጠው ነበር። ሰው ይኑር አጠገብዎ ብዬ ለመንኳቸው፤ ጎረቤታቸውን ጠሩ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ልጅዎ ታሞ አይደለም፣ ላሞቹን ሊያወጣ ወርዶ ውሃው ወሰደው አልኳቸው። ያቺ ጎረቤት ምንድነው፣ ምን ተባለ ስትል ይሰማኛል። የገደልኳቸው መሰለኝ። ስማቸውን ደጋግሜ ጠራሁ።

«ላሞቹስ ወጡ?» አሉኝ።

ሁሉም ወጥተዋል፣ አንዲትም አልቀረች እማማ አልኳቸው። ከዚያ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፤ እንዲህ አብረን ስናለቅስ ገና መጀመሪያችን ነው። እስከ ዛሬ እሳቸው የታመመ ልጅ፣ እኔ የሰመጠ ባል፣ ለየብቻ ስናለቅስ ነበር የከረምነው።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ፣ የትም ልሁን የት፣ ቄሱ ስምህን ይጠራሉ፤ ከቅዳሴ በኋላም የማያውቅህ ሰው በምን ሞተ ብሎ ይጠይቀኛል። ቃል እገባልሃለሁ ሀብቴ፣ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ያንተን ሞት ለማንም አላቀልም። ላሞቹን አውጥቶ ነው የሞተው እላለሁ።

ያንተዋ አስካለ