ቆመውም ተቀምጠውም የሠሩት አባታችን

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። በዚህ የሕይወት ታሪካቸው ላይ ሥራቸው ምን ተብሎ ይጻፍ በሚለው ግን ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ጠዋት አልተስማማም። እናታችን “የቢሮ ሰው ነበሩ በሉልኝ” ይላሉ፤ ታላቅ ወንድማችን “አስተናጋጅ ነበሩ፣ ምን ያሳፍራል?” ይላል።

ትምህርታቸውን በማታ አጠናቀው በ1967 ዓ.ም. በገበያው ማዕዘን ባለው ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ተቀጠሩ። እናታችንን የተዋወቁት እዚያው፣ ሾርባ ቀሚሳቸው ላይ ደፍተውባቸው ነው። በ1974 ዓ.ም. ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

በ1980 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኑ። እናታችን እግራቸው ሊያርፍ ነው ብለው ደስ አላቸው። አባታችን ግን ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ብድግ ብለው፣ ወንበሩን በመሐረብ ወልወል አድርገው “ይቀመጡ” ይሉ ነበር። አለቃቸው የመሥሪያ ቤቱን ክብር ዝቅ አደረጉ ብለው ገሠጿቸው፤ ባልደረቦቻቸውም “ጋሽ ይቀመጡ” የሚል ስም አወጡላቸው።

ከዓመታት በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀው ወደ ምግብ ቤቱ ሲመለሱ ዘመድ ሁሉ ግራ ገባው። በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ያዘዙ ደንበኛን አፋቸው ለምዶ “ነገ ጠዋት ይመለሱ” ብለው ቤቱን በሳቅ አፍርሰውታል።

የትኛው ሥራ እንደሚሻል ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ሆኖ አያውቅም። አንድ ቀን “እዚህ ሰው ጠግቦ ይሄዳል፤ እዚያ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚሄደው” ይሉናል። በሌላ ቀን ያበጠ እግራቸውን እያሹ “እዚያ ቢያንስ አጨብጭቦ የሚጠራኝ አልነበረም” ይላሉ። ለምን እንደተመለሱ ዛሬም በውል አናውቅም።

በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ከገቡ በኋላ፣ አንድ ቀን ሐኪሙ ሲገቡ አባታችን ከአልጋቸው ለመነሣት ታገሉ። አቅም ሲያጥራቸው ወንበሩን በእጃቸው አመለከቱ። እስከዚያ ቀን ቆመው ያዩአቸው የነበሩት ሐኪምም ተቀመጡ። አባታችን በማግስቱ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚያች ሰዓት ሐኪሙን የተቀበሉት አስተናጋጁ ይሁኑ የመዝገብ ቤቱ ሰው፣ አጠገባቸው የነበሩት እናታችንም ወንድማችንም ለይተው መናገር አልቻሉም። ስለዚህ ሁለቱም ሥራ ተጽፎላቸዋል።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ለደከሙት እግሮቻቸው ዕረፍትን ይስጥልን፤ ነፍሳቸውንም ብድግ ብሎ “ይቀመጡ” የሚል ይቀበልልን።