የኮምፒውተሩን ሶኬት ተወው

ጸጋአብ፣

ከላምበረት የምነሳበት አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ። ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ስለተበላሸ ኮምፒውተሩ ከደህናው ወደ አዲሱ እየገለበጠ ነው። እስኪጨርስ ድረስ አባትህ ከማረፋቸው በፊት ሲመርቁህ የተቀረጸው ቪዲዮ ያለው አንዱ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ከቤት ስትወጣ ሶኬት ሁሉ እንደምትነቅል አውቃለሁ። ዛሬ የኮምፒውተሩን ተወው። የፍሪጁን ንቀለው፤ ከሎሚ በቀር ምንም የለበትም።

ማክሰኞ «አንተ እየነቀልከው ነው ከዜሮ የሚጀምረው» ብዬ ጮኼብህ ነበር። ትናንት ሳየው ለካ የመገልበጫውን ፍጥነት ዝቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ የምጫወተው ጌም እንዳይቆራረጥብኝ። ባልነካካው ኖሮ አንተ ሳትነቅለው ያልቅ ነበር።

አሁን ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ለቅቄዋለሁ። ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፤ ታገሰው። አስር ሰዓት ላይ ይጨርሳል። መብራት ከሄደ የማናችንም ጥፋት አይደለም።

ጌሙን ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፍቼዋለሁ።

አብነት