ያልተጻፈው ሃምሳኛ መስመር

ደሴ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሱዓድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የምጽፍልሽ በ1968 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩሽ አልጣሽ ነኝ። ሞታለች ብለሽ ከነበረ አልሞትኩም። ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ግን ደስታው ቁጭ አላስብል ብሎኝ ከክፍል ክፍል እመላለሳለሁ። ምክንያቱን ከመናገሬ በፊት ይህን ልበልሽ፤ ያኔ ልክ ነበርሽ። ዜሮ የሰጠሁሽ እኔ ነበርኩ የተሳሳትኩት።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ላለ አንድ ማተሚያ ቤት ረቂቅ አርማለሁ። ባለፈው ሳምንት ሀፊዝ የሚባል የፊዚክስ መምህር ስለ ብርሃን በአማርኛ የጻፈው መጽሐፍ እጄ ገባ። ንጹሕ አማርኛ ነው። ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «በባዶ ሕዋ ውስጥ የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም ለኪ አንድ ነው፤ ወደ ብርሃኑ ብትሮጥም፣ ብትሸሸውም።» በቀይ እስክርቢቶ ሰረዝኩትና ጎኑ ላይ «ስሕተት፤ ፍጥነት ይደመራል» ብዬ ጻፍኩበት።

ቅዳሜ ጠዋት ረቂቁን ይዞ ቤቴ መጣ።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ስሕተት አይደለችም።»

«እንግዲያው ስሕተቷ እኔ ነኝ?»

«አፉ ይበሉኝ እንጂ፣ ወላሂ እርስዎ ነዎት።»

በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ተቀመጥና አስረዳኝ አልኩት። አንድ ወረቀት ሳበና መንገድ ሣለ። «ይህ ሐረጎ ነው እንበል። ቁልቁለቱ ላይ አንድ መኪና ቆሟል። ሌላው ከደሴ በኩል እየበረረ መጥቶ ይገጨዋል። እኛ ታች ኮምቦልቻ ቆመን እናያለን። ከሚበረው መኪና ወደ ዓይናችን የሚመጣው ብርሃን በመኪናው ፍጥነት ላይ የሚደመር ከሆነ ቀድሞ ይደርሰናል። ታዲያ የቆመው ገና ሳይነካ ገጪው ብቻውን ሲጨማደድ ልናይ ነው?»

ሱዓድ፣ እጄ ላይ የነበረው መነጽር ወደቀ።

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆመሽ፣ ቃል በቃል ይህንኑ ጠይቀሽኛል። በፈተናው ላይ ከመኪና ስለሚወረወር ብርቱካን ጠይቄ፣ ቀጥሎ ስለ መኪናው መብራት ጠይቄ ነበር። ለብርቱካኑ «ይደመራል፣ ሰባ» ብለሽ ለመብራቱ «አይደመርም» ብለሽ ጻፍሽ። ልዩነቱ በዓይን የማይታይ ኢምንት ነው አልኩሽ። «እትዬ፣ በጣም ሩቅ ሆነን ብናይስ?» አልሽ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም መልስ ሲያጥረኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ «ቁጭ በይ» አልኩሽ። «ፍጥነት ሁልጊዜ ይደመራል» የሚለውን ሃምሳ ጊዜ እንድትጽፊም አዘዝኩ።

ዐርባ ዘጠኙን ጽፈሽ ሃምሳኛውን ባዶ ተውሽው። እርሱን ሳትጽፊ ክፍሌ አትግቢ አልኩሽ። አልገባሽም። በኋላ ትምህርቱንም እንደተውሽው ሰማሁ። ቤታችሁ ገራዶ ነበር፤ በእግርም ቢሆን የሚኬድ መንገድ ነው። መምጣት እችል ነበር፤ አልመጣሁም። ሥርዓት የማስከብር መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ስመለከተው ግን መልሱን አለማወቄን ነው የደበቅሁት።

«ይህን ምሳሌ ከየት አገኘኸው?» አልኩት ሀፊዝን።

«ኮምቦልቻ ሳድግ ጎረቤታችን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ሱዓድ ትባላለች። ከፈረቃ ስትወጣ ከሐረጎ የሚወርዱትን መኪኖች እያሳየች ትጠይቀን ነበር። ፊዚክስ ያስጀመረችኝ እሷ ናት። በዚሁ ጥያቄ አንዲት መምህር ዜሮ ሰጥታታለች፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃታል።»

«የመምህሯን ስም?»

«ስሟንስ ነግራን አታውቅም። ዜሮዋን ነው እንጂ።»

«ዜሮዋ እኔ ነኝ» አልኩት።

እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን እኔ ሳቁን ትቼ ወደ ማልቀሱ ዞርኩ፤ ይህን ሳልነግርሽ ማለፍ አልወድም።

ከዚያ ሌላውን ሁሉ ነገረኝ። ያንቺው «ሩቅ ሆነን ብናይስ» ተሠርቷል! የሰማይ ተመራማሪዎች እርስ በርስ የሚዞሩ መንትያ ኮከቦችን ተመለከቱ፤ አንዱ ወደ እኛ ሲመጣ ሌላው ይሸሻል። ብርሃን ቢደመር ኖሮ ቀዳሚና ተከታዩ ተምታቶ በታየ ነበር። ምንም አልተምታታም። የሚገርመው ደግሞ ብርሃኑን የምንለካው እኛ ብንሮጥም ያው ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በሰከንድ መሆኑ ነው። «ታዲያ ምኑ ነው የሚለወጠው?» ብዬ ጮህኩበት። «ሰዓቱና ርዝመቱ» አለኝ። እኔ በሰዓቴ ስንቱን አርፋጅ በር ላይ ያቆምኩ ሴት! ተነሥቼ የግድግዳ ሰዓቴን አየሁት፤ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ገና ያን ቀን የተዋወቅሁት መሰለኝ። በነገራችን ላይ ልዩነቱን ለሚኒባስ አስልቼዋለሁ፤ ለአርፋጅ ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። መጽሐፉ ላይ፣ እኔ ገና ባልደረስኩበት ገጽ፣ ጥያቄሽ «አንዲት ሴት» በሚል ብቻ ነው የገባው። ለምን ስለው፣ «ስሜን አታውጣው፣ የወደቅሁበት ነው» እንዳልሽው ነገረኝ። ሱዓድ፣ አልወደቅሽም። ያልተጠናቀቀ ሥራ ስለማልመልስ፣ ፈተናውንም ቅጣቱንም የጻፍሽበት ደብተርሽ እኔው ዘንድ ነበር፤ ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ዜሮውን ሰርዤ፣ ፈርሜ፣ ቀን ጽፌበታለሁ። ዘጠኝ ከዐሥር ነው። አንዷን የቀነስኩት ለብርቱካኑ መልስሽ «ኪሎ ሜትር በሰዓት» የሚለውን መለኪያ ስላልጻፍሽ ነው። አዝናለሁ፤ ሰባ ብቻውን ፍጥነት አይሆንም።

ከቅጣትሽ ቀጥሎ ባለው ገጽ ደግሞ የእኔን ታገኚያለሽ። «የብርሃን ፍጥነት በመኪናው ፍጥነት ላይ አይደመርም» ብዬ ዐርባ ዘጠኝ ጊዜ ጽፌያለሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አንዱንም መስመር አላዛነፍኩም። ሃምሳኛው ያንቺ ነው። ከፈቀድሽ ጻፊውና ከሥሩ ሙሉ ስምሽን አኑሪ፤ ገጽ ዐሥራ አንድ ላይ የሚታተመው እሱ ነው። ካልፈቀድሽ ባዶ ተዪው፤ ባዶ መስመርሽን ማንበብ ዘግይቼም ቢሆን ተምሬያለሁ።

ሕትመቱ ሐሙስ ይጀመራል። ደብተሩን ለመውሰድ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ራሴ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ሀፊዝ ቤትሽን አሳይቶኛል፤ ማለት በወረቀት ላይ ሥሎልኛል። ሐረጎን ስወርድ መኪኖቹን ሁሉ አያለሁ።

ሃምሳ ዓመት አርፍጃለሁና እስክትፈቅጂልኝ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ።

ተማሪሽ፣
አልጣሽ