በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተሰቀለልን «እጅግ የረካ ቤተሰብ» የሚል የምስክር ወረቀት እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የባንካችን የሰው ኃይል መምሪያ ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ ከቤተሰብዎ ጋር የሚበሉት ምሳም ስልክ የማያቋርጠው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የመስኮት ቁጥር አራት ገንዘብ ከፋይ ነኝ። የቤተሰባችን እርካታ አሳስቧችሁ መጠይቅ ስለላካችሁልን እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. መጠይቁ «በቤተሰብ አባላት የሚሞላ» ይላል፤ ሞልታችሁ መልሱ የተባልነው ግን በደረሰን በዚያው ቀን ነው። ቤተሰቤ ባንክ ውስጥ ስላልነበረ በባለቤቴም በልጄም ስም «እጅግ ረክቻለሁ» ብዬ ሞላሁ። የሞላሁት በምሳ ሰዓቴ ስለሆነ ሥራ አልተበደለም።

2. ልጄ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ለሚጠይቀው «ሦስተኛ» አልኩ። አምስተኛ ናት። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ የማመለክትበት ሌላ ቢሮ አጥቼ ነው። የሁለት መቶ ደንበኛ ፊርማ ከሩቅ የምለይ ሰው ነኝ።

3. ይባስ ብሎ መጠይቁን ከሞሉት ሁሉ «እጅግ የረካ ቤተሰብ» ተብለን አሸነፍን። ለሽልማት የሰጣችሁን የቤተሰብ ቀን በሥራ ብዛት መሰረዙን በጨዋ ቋንቋ ስለገለጻችሁልኝ አመሰግናለሁ። የምስክር ወረቀቱ ግን «ከባለቤታቸውና ከሦስተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ጋር» እንዳለ ተሰቀለ። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ የቤት ቁልፍ ልትወስድ ልጃችንን ይዛ መጥታ ሁለቱም ቆመው አነበቡት። ልጄም ጮክ ብላ፣ «እማዬ፣ አባዬ ሌላ ልጅ አለው እንዴ?» አለች። ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ አቀርቅሬ ቀጣዩን ደንበኛ አስተናገድኩ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ቀና ብዬ የማየው ሰው የለም፤ አፍሬያለሁ።

ስለዚህ ያልረካ ቤተሰቤን ስም ይዞ የተሰቀለው ወረቀት እንዲወርድልኝ እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ሐፍረት ጋር፣
በመሥሪያ ቤቱ ታማኝ፣ በቤቱ እንግዳ የሆነው
የመስኮት ቁጥር አራት ገንዘብ ከፋይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወረቀቱን ስታወርዱ «ሦስተኛ» ተሰርዞ «አምስተኛ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። በእኛ ሥራ ስርዝ ድልዝ ካለ ጎኑ ላይ ይፈረማል፤ ያረመውም ሰው እንደ ደንቡ ፈርሞበታል። ሥራ አስኪያጁ የማን ፊርማ እንደሆነ ሲጠይቁኝ የባለቤቴ ነው አልኩ። የልጄ መሆኑን የነገረን፣ ያን ቅዳሜ ስትፈርም ያያት የበሩ ጥበቃ ነው።